የጨረቃን ፊት በትንሽ መነጽር ስለ መመልከት

ጨረቃን የማያውቅ ቤተ ሰብ የለም። ሕፃኑ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ጣቱን ይቀስርባታል፤ መንገደኛው የሌሊት ጕዞውን ያቃናባታል፤ የባሕረ ሐሳብ መምህርም አጽዋማትንና በዓላትን ይቈጥርባታል። ይሁን እንጂ ይህችን ሁሉ ሰው የሚያውቃትን ጨረቃ ቀረብ አድርጎ ያያት ሰው በየመንደሩ ቢፈለግ የሚገኘው ጥቂት ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚሁ ነበርን። ዛሬ ለውድ አንባቢዎቻችን ልናወጋ የፈለግነው በአንዲት ትንሽ መነጽር፣ በቤታችን ግቢ፣ ከልጆቻችን ጋር ሆነን ያየነውን፣ ደግሞም ባለማስተዋል ያጠፋነውን ነገር ነው።

መነጽሩን የላከልን በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ ዘመዳችን ነው። ከፊት ያለው የብርጭቆው ስፋት 60 ሚሊ ሜትር፣ ብርሃኑን ሰብስቦ የሚያገናኝበት ርቀት ደግሞ 700 ሚሊ ሜትር ነው። በማሸጊያው ሣጥን ላይ «525 ጊዜ አጉልቶ ያሳያል» የሚል በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ስላየን ልጆቹም እኛም እጅግ ተደስተን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጽሕፈት ማመን ሞኝነት መሆኑን ለመረዳት ሁለት ሌሊት በቃን። የማጉላቱ ኃይል የሚገኘው 700ን በዓይን በኩል ለሚገባው ለትንሹ ብርጭቆ ቍጥር በማካፈል ነው፤ የ20 ሚሊ ሜትሩ ቢገባ 35 ጊዜ፣ የ12.5ቱ ቢገባ 56 ጊዜ ያጐላል። ከዚያ በላይ እየጨመሩ ቢሄዱ ጨረቃ ትሰፋለች እንጂ አትገለጥም፤ ውሃ የተጨመረበት ወጥ ድስቱን ይሞላል እንጂ ጣዕም አይጨምርም። ለእንዲህ ያለ መነጽር ከ120 ጊዜ በላይ ማጉላት ትርፉ ጭጋግና መንቀጥቀጥ ብቻ ነው።

መቆሚያውም ሦስት ቀጫጭን እግሮች ስላሉት ነፋስ በነካው ቍጥር ጨረቃ እንደ ቅጠል ትርገበገባለች። እግሮቹን አሳጥረን፣ ከመካከላቸው ድንጋይ የሞላበት ከረጢት አንጠልጥለን፣ ራሳችንም በርጩማ ላይ ተቀምጠን ማየት ከጀመርን በኋላ ግን ጸጥ አለ። ደግሞም መነጽሩ ከቤት ሙቀት እንደ ወጣ ወዲያው አጥርቶ አያሳይም፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በውጭ ቆይቶ አየሩን መምሰል አለበት። ምድር ሳታቋርጥ ስለምትዞር ጨረቃ ከሁለት ከሦስት ደቂቃ በኋላ ከመነጽሩ ዳር ወጥታ ትጠፋለች፤ ልጆችን በተራ ስታሳዩ ይህን አትርሱ፤ አለዚያ «እኔ ምንም አላየሁም» የሚል ልቅሶ ይነሣል። መነጽር የሌለው ቤተ ሰብ ተራ የጦር ሜዳ መነጽር ቢያገኝ፣ ክርኑን በአጥር ወይም በግንብ ላይ አስደግፎ ከዚህ ቀጥሎ ከምንናገረው ብዙውን ሊያይ ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አይገባንም። በመነጽር ፀሐይን ማየት ዓይንን በቅጽበት ያጠፋል፤ የጠፋውም አይመለስም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጨረቃ በፀሐይ ፊት አልፋ በላሊበላና በአካባቢው ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና በታየችበት ዕለት ብዙ ሰው ወደ ሰማይ አንጋጦ ነበር። መነጽር ያለበት ቤት ልጆች ባሉበት ቀን ቀን መነጽሩን ሸፍኖ በሣጥን ውስጥ ማኖር ይገባዋል።

አሁን ወደ ነገራችን እንመለስ። የመጀመሪያው ስሕተታችን ጨረቃ ሙሉ እስክትሆን መጠበቃችን ነበር። ይህ ስሕተት የእኛ ብቻ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ጨረቃ ይበልጥ የምትታየው ስትሞላ ይመስለዋል። እኛም ጎረቤት ጠርተን፣ ቡና አፍልተን፣ ሙሉዪቱን ጨረቃ ብናያት ዓይን የምትወጋ ነጭ ሰሌዳ ሆና አገኘናት፤ ጥቂት ጥቍር ነጠብጣብ ከማየት በቀር ተራራ የለ፣ ጉድጓድ የለ። ጎረቤቶቻችን በትሕትና አመስግነው ሄዱ።

ምክንያቱን ለመረዳት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በታረሰ ማሳ ላይ መቆም ይበቃል። በቀትር ጊዜ ፀሐይ ከአናት ላይ ስለምትሆን ማሳው ለጥ ያለ መስሎ ይታያል፤ ወደ ማታ ግን ጓሉ ሁሉ፣ ድንጋዩ ሁሉ ከራሱ የሚረዝም ጥላ ስለሚጥል የመሬቱ ጐድጓዳና ጕብታ ይገለጣል። በጨረቃም ላይ እንዲሁ ነው። ሙሉ ስትሆን ከምድር በኩል ያለው ፊቷ የቀትር ፀሐይ ያረፈበት ነው። ጎደሎ ስትሆን ግን ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ ገና እየወጣች ነው፤ ጥላውም ረዥም ነው። በጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ እንደ ምድር ያለ ወጋገን የለም፤ ጥላው እንደ ቀለም ጥቍር፣ ዳሩም በምላጭ እንደ ተቈረጠ ነው። ስለዚህ ጨረቃን ለማየት የሚወድ ሰው ዓይኑን በዚህ መስመር ላይ ይትከል። መስመሩ በጨረቃ ወገብ አካባቢ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚራመድ ዛሬ የታየው ነገ በዚያው መልክ አይገኝም።

አገራችን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለ ሆነች አዲስ የወጣችው ጨረቃ በምዕራብ በኩል እንደ ታንኳ በጀርባዋ ተኝታ ትታያለች። በአውሮጳ የታተሙት የጨረቃ ካርታዎች ግን ሰሜኑን ወደ ላይ አድርገው ቀጥ አድርገው ያቆሟታል። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ወደ ምዕራብ ዞሮ የሚመለከት ሰው የካርታውን ራስ ወደ ቀኝ እጁ ቢያዞር ነገሩ ይገጥምለታል። ይህን በየትኛውም መጽሐፍ ተጽፎ ስላላገኘን ብዙ ሌሊት ግራ ተጋብተናል።

ጨረቃ ሦስት ወይም አራት ሌሊት ሲሆናት በቅድሚያ የሚታየው «የጭንቅ ባሕር» የሚባለው ነው፤ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ዙሪያውን ተራራ የከበበው ጥቍር ሜዳ ነው። ባሕር ይባል እንጂ የውሃ ጠብታ የለበትም። የጨረቃ ባሕሮች ሁሉ ከከርሠ ጨረቃ ፈልቆ ዝቅተኛውን ቦታ የሞላ፣ ከዚያም የረጋ ቅልጥ ዐለት ናቸው፤ አብዛኛውም የረጋው ከ3 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። ስማቸውን ያወጡላቸው የጥንት ሊቃውንት ግን ውሃ መስሏቸው ነበር፤ ስሙ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

ጨረቃ አምስት ሌሊት ሲሆናት ደግሞ ለእኛ ለኦርቶዶክሳውያን አንባቢዎች ልዩ ደስታ የሚሰጥ ነገር ይታያል። «የኔክታር ባሕር» ከሚባለው ሜዳ አጠገብ ሦስት ታላላቅ ክብ ጉድጓዶች በተርታ ተሰልፈዋል። ስማቸው ቴዎፍሎስ፣ ቄርሎስ እና ካትሪን ነው። ይህን ስም ያወጣላቸው ሪቺዮሊ የተባለ ኢጣልያዊ ካህን ሲሆን፣ በ1651 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ስለ ውጭ አገር የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ፣ ግሪማልዲ የተባለው ባልንጀራው በሣለው ካርታ ላይ ነው። እስከ ዛሬም ዓለም ሁሉ የሚጠቀመው በእነዚሁ ስሞች ነው። ቴዎፍሎስና ቄርሎስ የእስክንድርያ ሊቃነ ጳጳሳት ናቸው። ቄርሎስ በ431 ዓ.ም. በኤፌሶን ጉባኤ የተከራከረው፣ በስሙም ቅዳሴ ያለን አባት ነው። ካትሪን ደግሞ በእስክንድርያ በሰማዕትነት ያረፈችው ቅድስት ናት። ሁለቱ አባቶች ከጨረቃ ጋር የሚገናኙት በስም ብቻ አይደለም፤ ቴዎፍሎስ የፋሲካን ቀን የሚያሳይ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ለንጉሠ ነገሥቱ ለቴዎዶስዮስ አቅርቦ ነበር፤ ቄርሎስም ይህንኑ የቍጥር ሥራ ቀጥሎበታል። የፋሲካ ቍጥር ደግሞ ያለ ጨረቃ አይሆንም።

ሪቺዮሊ ለሰው ስም ሲሰጥ ዝም ብሎ አልሰጠም። ምድር በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች ያለውን ኮፐርኒከስን ትምህርቱን በይፋ ባይቀበለውም፣ ከጨረቃ ጉድጓዶች ሁሉ እጅግ ካማሩት አንዱን ሰጥቶታል፤ ያስቀመጠው ግን «የማዕበል ውቅያኖስ» በተባለው ሜዳ ውስጥ ነው።

ሦስቱ ጉድጓዶች እያንዳንዳቸው ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አላቸው። የቴዎፍሎስ ጥልቀት ከ4 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ግድግዳው እንደ ደረጃ ተከታትሎ ይወርዳል፤ በመካከሉም ብዙ ጫፍ ያለው ተራራ ቆሞአል። አስተውሎ ለሚያይ ሰው የቴዎፍሎስ ግድግዳ የቄርሎስን ግድግዳ በልቶ የገባ ነው፤ ስለዚህ ቴዎፍሎስ ከቄርሎስ በኋላ የተፈጠረ መሆኑ ያለ ምስክር ይታወቃል። ካትሪን ደግሞ ግድግዳዋ ፈራርሶ፣ ዳርቻዋ ተበላሽቶ ስለሚታይ ከሁሉ ትቀድማለች። በምድር ታሪክም ቅድስት ካትሪን ቀዳሚ ናት፤ ሁለቱ አባቶች ግን ተገለባብጠዋል፤ በምድር ቴዎፍሎስ አጎት፣ ቄርሎስ የእኅቱ ልጅ ነበርና።

እንግዲህ ያጠፋነው ነገር የተፈጸመው በዚሁ በቴዎፍሎስ ላይ ነው።

የካቲት 18 ቀን ማታ ነበር። ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነበር። ለልጆቻችን ለእያንዳንዳቸው ደብተርና እርሳስ ሰጥተን ያዩትን እንዲሥሉ ነገርናቸው። እኛ ፀሐይ እንደ ጠለቀች ቴዎፍሎስን አየነውና ውስጡ ሁሉ ድፍን ጨለማ እንደ ሆነ አረጋግጠን ወደ ቤት ገባን። ያን ጊዜ የ9 ዓመት ልጅ የነበረችው ሴት ልጃችን በውጭ ቆይታ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሥዕሏን ይዛ መጣች። ሦስቱን ጉድጓዶች ደኅና አድርጋ ሥላቸዋለች፤ የቴዎፍሎስንም ውስጥ በእርሳስ አጥቍራዋለች፤ በጥቍሩ መካከል ግን የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል ነጭ ነጥብ ትታለች።

«ይህችን ሳትሞያት ቀርተሻል» አልናት።

«አባባ፣ አልረሳሁም፤ ብርሃን ነው፤ አየሁት» አለች።

«ጉድጓዱ ጨለማ ከሆነ በመካከሉ ብርሃን ከወዴት ይመጣል? ዓይንሽ ተሳስቶ ነው» ብለን እርሳሱን ከእጇ ተቀብለን ነጥቧን ደፈንናት። ወጥተን ማየት ስንችል አልወጣንም፤ እራት ቀርቦ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በፊት በዓይናችን አይተናልና የምናውቅ መስሎን ነበር። ልጅቱ አልተከራከረችም። ከሥዕሉ ግርጌ ሰዓቱን ጽፋ ደብተሯን ዘጋች። በማግሥቱ ማታ መነጽሩ ሲወጣ ወንድሟ ብቻ መጣ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ስለ ጋሊሌዮ የተጻፈ መጽሐፍ ስናነብ ደነገጥን። ጋሊሌዮ በ1609 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ 20 ጊዜ በምታጐላ መነጽር ጨረቃን ሲመለከት፣ ከብርሃኑ ድንበር ርቀው በጨለማው ክፍል ውስጥ ብቻቸውን የሚያበሩ ነጥቦችን አየ። ጥቂት ሰዓት ሲቈይ ነጥቦቹ እየሰፉ ሄደው ከብርሃኑ ጋር ተጋጠሙ። እርሱም በምድር ላይ ሜዳው ገና በጨለማ ሳለ የተራራው ራስ አስቀድሞ ፀሐይ እንደሚያገኝ አስቦ፣ እነዚህ ነጥቦች የተራራ ጫፎች ናቸው አለ። ከድንበሩ ምን ያህል እንደሚርቁም ለክቶ የአንዳንዶቹ ከፍታ ከ4 የኢጣልያ ማይል እንደሚበልጥ አሰላ፤ ይህንም በ1610 ዓ.ም. አሳተመው። በዚያው በ1609 ዓ.ም. ከእርሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ሃሪዮት የተባለ እንግሊዛዊ የአምስት ሌሊት ጨረቃን በመነጽር አይቶ ሥሎ ነበር፤ ከሥዕሉ የሚታየው ግን የተንሻፈፈ መስመርና ጥቂት ጥላ ብቻ ነው። ጉድጓዶቹን በካርታው ላይ ማስፈር የጀመረው ጋሊሌዮ ካሳተመ በኋላ ነው። ሰው የማያውቀውን ነገር ዓይኑ እያየ ያልፈዋል። ጋሊሌዮም ቢሆን አንዱን ጉድጓድ ከእውነተኛው መጠኑ እጅግ አስፍቶ ሥሎታል።

የልጃችን ነጥብ ምን እንደ ነበረች በዚህ ጊዜ ገባን። እኛ ባየንበት ሰዓት የቴዎፍሎስ ውስጥ በእውነት ድፍን ጨለማ ነበር፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ አልፋ የመካከለኛውን ተራራ ጫፍ ነክታዋለች። እርስዋ ያየችው ንጋትን ነው፤ እኛ የደፈንነው ንጋትን ነው። ጠርተን «ያልሽው ልክ ነበር፤ በሚመጣው ወር አብረን አይተን እናረጋግጣለን» አልናት። ምንም አልመለሰችም፤ ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ከ29 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 17 ቀን፣ መነጽሩን አቆምን። ቴዎፍሎስ ፈጽሞ አልታየም፤ ገና ሌሊት ውስጥ ነበር። በማግሥቱ ብናይ ደግሞ ፀሐይ በጉድጓዱ ወለል ላይ ተዘርግታ፣ ተራራው ከነጥላው በቀን ብርሃን ቆሞአል። «ይኸው ተራራሽ» አልናት በደስታ። ልጅቱ ለረጅም ጊዜ አየችና «ተራራው አለ፤ እኔ ያየሁት ግን እንዲህ አይደለም» አለች። ያለችው እውነት ነበር። በግማሽ ማስረጃ ሙሉ ዕርቅ ልንገዛ መሞከራችን አሳፈረን።

ነገሩን የፈቱልን ጎረቤታችን የሆኑት መሪጌታ ናቸው። አንድ እሑድ ጠበል ጠዲቅ ላይ ብንነግራቸው ፈገግ ብለው፣ «የጨረቃ ወር ሃያ ዘጠኝ ቀን ተኩል ነው፤ ግማሹን ቀን የት ጣላችሁት?» አሉን። ነገሩ እንዲህ ነው። የካቲት 18 ማታ የታየው መልክ በሚቀጥለው ወር የሚደገመው ከ29 ቀንና ከግማሽ በኋላ ስለ ሆነ ሰዓቱ ጠዋት ላይ ይውላል፤ በጠዋት ደግሞ ይህች ጨረቃ ከአድማስ በታች ናት። በባሕረ ሐሳብ የጨረቃ ወራት አንዱ 30፣ አንዱ 29 እየሆኑ የሚፈራረቁት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ ሲደመሩ 59 ይሆናሉ። የእኛ ሁለት ወር ግን 60 ቀን ስለ ሆነ በየሁለት ወሩ የሚጐድለውን አንድ ቀን ሊቃውንቱ ሕጸጽ ይሉታል። ትውፊታችን ይህን ቍጥር ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ይሰጣል። «ከየካቲት 18 ስልሳ ቀን ቍጠሩና አንዱን ለሕጸጽ አውጡ፤ ሚያዝያ 17 ማታ ይሆናል» አሉን። በኋላ በሥነ ፈለክ መጻሕፍት ብንመረምር ሁለት የጨረቃ ወር 59 ቀን ከ1 ሰዓት ተኩል ያህል ሆኖ አገኘነው፤ ስለዚህ ልጃችን 1 ሰዓት ተኩል ላይ ያየችውን 3 ሰዓት ላይ መጠበቅ ነበረብን።

የጥበቃውን ጊዜ በከንቱ አላሳለፍነውም። በመጀመሪያው ሩብ ጊዜ፣ ይኸውም ጨረቃ ሰባትና ስምንት ሌሊት ሲሆናት፣ «የዝናም ባሕር» ዳርቻ ላይ አፔኒን የሚባለው የተራራ ሰንሰለት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ይታያል፤ አንዳንዱ ጫፉ ከሜዳው ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ይነሣል። ዘጠኝ ሌሊት ሲሆናት ኮፐርኒከስ ይወጣል፤ ስፋቱ 93 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግድግዳው በደረጃ የተሠራ ግዙፍ የአምፊቴአትር አዳራሽ ይመስላል። ሙሉ ጨረቃ ደግሞ እንደ ነቀፍናት ሁሉ አንድ ውለታ አላት፤ በደቡብ በኩል ካለው ታይኮ ከሚባለው ጉድጓድ የሚፈነጥቁት ነጫጭ ጨረሮች በደንብ የሚታዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አንዳንዱ ጨረር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ታይኮ ወደ 108 ሚሊዮን ዓመት የሚገመት ዕድሜ ስላለው ከታላላቆቹ ጉድጓዶች መካከል ለጋ ነው።

ወንዱ ልጃችን «ጉድጓዱን ማን ቈፈረው?» ብሎ ጠይቆን ነበር። ይህ ጥያቄ ሊቃውንትን ሦስት መቶ ዓመት ያህል አከራክሮአል። ሁክ የተባለ እንግሊዛዊ በ1665 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ በእርጥብ ጭቃ ላይ ጥይት ጣለ፤ ደግሞም የተፈጨ ነጭ ድንጋይ አፍልቶ አረፋው ሲፈነዳ የሚተወውን ክብ አየ። ሁለቱም ጨረቃን ይመስሉ ነበር። ከሰማይ የሚወድቅ ድንጋይ ከወዴት እንደሚመጣ ስላላወቀ ግን የፈላውን መረጠ። ከእርሱም በኋላ ብዙዎች እሳተ ገሞራ ነው ሲሉ ኖሩ። ዛሬ ግን ጉድጓዶቹ ከሞላ ጐደል ሁሉም ከሕዋ በታላቅ ፍጥነት የወደቁ ድንጋዮች የቈፈሯቸው መሆናቸው ተረጋግጦአል። በቴዎፍሎስ መካከል ያለው ተራራም ድንጋዩ በወደቀ ጊዜ የተመታው ወለል ተመልሶ ወደ ላይ በመነሣቱ የተፈጠረ ነው። በቤት ውስጥ በሰፊ ሳሕን አመድ ነፍቶ ጠጠር በመጣል ክብ ጉድጓድና በዙሪያው የሚረጨውን ጨረር ማሳየት ይቻላል፤ እናት ከመምጣትዋ በፊት መጥረግ ግን ግዴታ ነው።

በሚያዝያ 1972 ዓ.ም. አፖሎ 16 ከቴዎፍሎስ ወደ ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር በሚያህል ርቀት ላይ ያረፈው ሊቃውንቱ በዚያ ደጋ ላይ የእሳተ ገሞራ ዐለት እናገኛለን ብለው ነበር። ሁለቱ ሰዎች ወርደው የሰበሰቡት ድንጋይ ግን በአብዛኛው በምት ተሰባብሮ እንደገና የተጣበቀ ሆኖ ተገኘ። ከ1969 እስከ 1972 ዓ.ም. በጨረቃ ላይ የተራመዱት 12 ሰዎች በጠቅላላው 382 ኪሎ ግራም ድንጋይና አፈር አምጥተዋል። እንግዶቻችን ብዙ ጊዜ «የተከሉት ባንዲራ ይታያል?» ብለው ይጠይቁናል። አይታይም። በእኛ መነጽር ተለይቶ የሚታየው ትንሹ ነገር ወደ 4 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ነው፤ በእንጦጦ ተራራ ላይ ባሉት በ1 ሜትር ስፋት መነጽሮችም ቢሆን ባንዲራውን ማየት አይቻልም።

ሚያዝያ 17 ደረሰ። ፋሲካ አልፎ ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ጀምሮ የበልግ ደመና ሰማዩን ዘጋው፤ 11 ሰዓት ላይም ዘነበ። ልጅቱ ከትምህርት ቤት እንደ ተመለሰች በመስኮት አጠገብ ተቀምጣ ሰማዩን ታይ ነበር። መሪጌታ «ቍጥሬን ልመርምር» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው መጡ። እራት በላን። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ነፋስ ተነሥቶ ደመናው በምዕራብ በኩል ተቀደደ፤ ጨረቃም ታጥባ ወጣች። መነጽሩን በእርጥቡ መሬት ላይ አቆምነው።

አስቀድማ እንድታይ ለልጅቱ ቦታ ለቀቅንላት። ዓይኗን አኑራ ብዙ ቆየች። ከዚያ ምንም ሳትናገር በርጩማውን ለእኛ ለቀቀች። አየን። የቴዎፍሎስ ዙሪያ ክብ እንደ ቀለበት ያበራል፤ ውስጡ ግን ቀለም የተደፋበት ይመስላል፤ በዚያ ጥቍረት መካከል አንዲት ነጭ ነጥብ፣ ከምንም ጋር ሳትያያዝ፣ ብቻዋን ትበራለች። ቀና ስንል ልጃችን የየካቲቱን ደብተር ገልጣ በእጇ ይዛ ቆማለች፤ በላዩም ላጲስ አድርጋበታለች። በፋኖስ ብርሃን እኛ የደፈንነውን እኛው ፋቅነው። ወረቀቱ ጥቂት ላላ፤ ነጥቧም እንደ ቀድሞው ነጭ አልሆነችም፤ አመድማ ሆና ቀረች። ሥዕሉ ዛሬ በእንግዳ መቀበያ ክፍላችን ግድግዳ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ መሪጌታ ተጠግተው ተቀመጡ። ሰባ ዓመት ሙሉ በጣታቸው የቈጠሩዋትን ጨረቃ በመነጽር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር። ዓይናቸው እስኪለምድ ጥቂት ተቸግረው ነበር፤ ከዚያ ጸጥ አሉ።

«ቄርሎስ የትኛው ነው፣ ልጄ?» አሉ።

«የኔታ፣ ነጥብ ካለችበት ቀጥሎ ያለው፤ ግድግዳው የተነካው» አለች ልጅቱ።

«አየሁት» አሉ። ከዚያ በኋላም ከመነጽሩ ዓይናቸውን ሳያነሡ ስለ ካትሪን ጠየቋት፤ እርስዋም ነገረቻቸው። ደመናው ከደቡብ ዳግመኛ እስኪመጣ ድረስ ማንም ተራ አልጠየቃቸውም።